ለእትዬ ራይና የተመረጠችው የጫማ መጣፊያ መኪና

ደብዳቤዎቹን እንግዳ ሰው ሲያነባቸው ግልጽ እንዲሆኑ፣ አስቀድሜ ቀኖቹንና የተረጋገጡትን ነገሮች በቅደም ተከተላቸው አሰፍራለሁ። የዘመን አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው።

ማርች 30 ቀን 2004፦ በብሬስቶቮ መንደር ለሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ሲሰፋ የኖረው ሳንዶ በስድሳ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

ሜይ 8፦ አርባው ወጣ። ባለቤቱ ራይና በአገራችን ልማድ መሠረት የሟቹን ልብስና ዕቃ ለነፍሱ ሰጠች።

ሴፕቴምበር 12፦ ሳንዶ ይሠራበት የነበረው ሱቅ ባለቤት የሆነው፣ በየክረምቱ ጭምብል አጥልቀውና ቃጭል ታጥቀው የሚጨፍሩት የመንደሩ የጭምብል ለባሾች ማኅበር ስብሰባ ተቀመጠ።

ሴፕቴምበር 14፦ ራይና የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈችልኝ።

የራይና እናትና የእኔ እናት የአክስትማማች ልጆች ነበሩ። እሷ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ሊዩበን እባላለሁ፤ ነዋሪነቴ በኦስትሪያ፣ በግራዝ ከተማ፣ ሙያዬም የልኬት ሳይንስ መምህርነት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወታችን ስድስት ጊዜ ተገናኝተን ነበር፤ አራቱ ቀብር ላይ ነው።

*

ብሬስቶቮ፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2004

ለወንድሜ ለሊዩበን፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ ጤናህ የተሟላ፣ ጉልበትህ ያልዛለ፣ ጥርስህም በየቦታው ያለ ይሁን። እግዜር የሰው አገር ብርድ ከአጥንትህ ያርቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ፍየሏም ደህና ናት፤ እንዲያውም ከእኔ ትሻላለች፤ ስብሰባ የለባትም።

ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው፤ ቶሎ ብዬ ልናገርና ልገላገል። የምፈልገው መኪና ነው። የሚነዳውን አይደለም፤ ጫማ የሚጥፈውን።

በሳንዶ አርባ ያደረግሁትን ሳትሰማ አትቀርም። ጃኬቱን ለአጎቱ ልጅ፣ ሰዓቱን ለከበሮ መቺው፣ አዲሱን ኮፍያ ለቄሱ ወንድም ሰጠሁ። እጁ የነካውን ሁሉ ስጪ ብለውኛል። መጨረሻ ላይ ኮስታዲን መጣ፤ የታችኛው መንደር ጫማ ሰፊ ነው። ሳንዶን ይወደው ነበር፤ እንባው እስከ አገጩ ወርዷል። ዞር ብዬ ባይ በቤቱ የቀረ ነገር የለም። መኪናዋን ሰጠሁት። በጋሪ ጭኖ ሲሄድ "ነፍሱን ይማር" አለ፤ እኔም "አሜን" አልኩ። በሳምንቱ ጎረቤቴ ዶንካ ተረከዙ የተቀደደ ቡትስ ይዛ መጣች። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና እጄን ሰደድኩ፤ ያገኘሁት ባዶ ጠረጴዛ ነው። ለነፍሱ ብዬ እንጀራዬን ሰጥቼ ኖሯል።

ባለፈው እሑድ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ደንባቸውን ታውቃለህ፤ ለሱርቫ በዓል፣ ለጃንዋሪ 13፣ የጭምብል ለባሾቹን የቃጭል መታጠቂያ የሚሰፋ ሰው ነው ሱቁን የሚይዘው። ሊቀመንበሩ ሜቶዲ ተነሣና እንዲህ አለኝ፦

"ራይና፣ ሰዉ ጫማውን ይዞ ወደ ኮስታዲን እየወረደ ነው።"

"ይውረድ። ቁልቁለቱ ጫማውን ይጨርስለትና ሲመለስ እኔ ጋ ይገባል።"

"በምን ልትሰፊው? በጥርስሽ?"

"በመኪና።"

"ብቻሽን ትችያለሽ?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ከመኪና ፊት ተቀምጬ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለህ? ጸጉሬን?"

ሁሉም ሳቀ። እሱም እየሳቀ መዝገብ ላይ አሰፈረው፤ አሥራ ስምንት መታጠቂያ፣ እስከ ሱርቫ። ካደረስኩ ሱቁ በእጄ ይቆያል። ካላደረስኩ ለኮስታዲን ይሰጣል።

ያለኝ ገንዘብ ሦስት መቶ ሌቫ ነው። ፍየሏን ሳይጨምር ነው፤ ፍየሏ አትጨመርም። ርካሽ፣ ግን የማታሳፍር መኪና ፈልግልኝ። አንተ ነገር መለካት ሥራህ ነው። በአውቶቡስ ሹፌሩ እጅ ሁለት ጠርሙስ የፕለም አረቄ ልኬልሃለሁ። አንድ ከደረሰህ ሹፌሩን ሰላም በልልኝ፤ ምንም ካልደረሰህ አትበልልኝ።

እህትህ ራይና

*

ግራዝ፣ ሴፕቴምበር 26

ለክብርት እትዬ ራይና፣

ከሁሉ አስቀድሞ አክብሮታዊ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለሳንዶ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእርስዎ ጽናትን፣ ለቤትዎ በረከትን እመኛለሁ። አረቄው አንድ ጠርሙስ ከሩብ ደርሶኛል። ሹፌሩን ሰላም ማለት ይገባኝ እንደሆነ ስላልተወሰነ በእጅ ምልክት ብቻ አልፌዋለሁ።

የሰጡኝን አደራ ተቀብያለሁ። ሆኖም ሳላጣራ ዕቃ መግዛት ልማዴ አይደለም። እስካሁን የተረዳሁት እንደሚከተለው ነው። መጣፊያ መኪና ከልብስ ስፌት መኪና የምትለየው በሁለት ነገር ነው፤ ክንዷ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ጫማው ውስጥ ይገባል፤ ቆዳውን የሚረግጠው እግሯም ዙሪያውን ስለሚዞር በፈለጉት አቅጣጫ መስፋት ይቻላል። ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ የጻፍሁት ከተሳሳትሁ እንዲያርሙኝ ነው።

ለመምረጥ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርብኛል። አንደኛ፣ የመታጠቂያው ቆዳ ሲደረብ ምን ያህል ይወፍራል? ሁለተኛ፣ ከሚጠግኗቸው ቡትሶች የረጅሙ ጥልቀት ስንት ነው? ሦስተኛ፣ መኪናዋን የሚያንቀሳቅሱት ብቻዎን ነው ወይስ ረዳት አለ?

በተጨማሪ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። መኪናዋ ያለችው ከእርስዎ አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ኮስታዲንን እስከ ጃንዋሪ 13 ብቻ እንዲያውስዎ ቢጠይቁት ወጪው ዜሮ ይሆናል።

በአክብሮት፣
ሊዩበን

*

ብሬስቶቮ፣ ኦክቶበር 5

ለወንድሜ ለሊዩበን፣

እግዜር ዕድሜህን ያርዝመው፤ አእምሮህንም እንደ ዕድሜህ ያድርግልህ። ለነፍስ የተሰጠ ነገር በውሰት ተመልሶ ሲመጣ የት አገር አየህ? ሳንዶ እዚያ ላይ ሆኖ ወንበር ተሰጥቶት ተቀምጦ እያለ፣ መልአኩ መጥቶ "ይቅርታ፣ ባለቤትህ እስከ ጃንዋሪ ፈልጋዋለች" ይበለው? ዩኒቨርሲቲ ይህን ካላስተማረህ ምን አስተማረህ?

ደግሞ ኮስታዲን ራሱ ገበያ ላይ አግኝቶኝ ነበር። "ራይና፣ መኪናዋ ትዝ ካለችሽ መጥተሽ እያት" አለኝ። "እሷ ትዝ ካልኳት ትምጣ" አልኩት። እሱም እንደ እኔ ተሸማቅቋል፤ መመለስም መያዝም ጨንቆታል። ይበለው፤ ጁን ላይ የዶንካን ቡትስ ሰፍቶ ሁለት ሌቫ ጨምሮባታል።

ለጥያቄህ። የቆዳውን ቁራጭ አስገብቼልሃለሁ፤ እንደ ፈለግህ ለካው። ጥልቁ ቡትስ የደን ጠባቂው ነው፤ እጄን እስከ ክርኔ ውጦ ሁለት ጣት ይቀረዋል። ሦስተኛው ጥያቄህ አልገባኝም።

አንድ ነገር ግን አትርሳ። መኪናዋ በቀኟ በኩል፣ በመዘውሩ አጠገብ፣ ሌላ ወንበር የሚያስጠጋ ቦታ ይኑራት። እንግዳ ይመጣል፤ ቆሞ እንዲያወራ አልፈልግም። ለምን ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

የተጠበሰ የቃሪያ ድልህ በማሰሮ ልኬልሃለሁ። ክዳኑ በሰም ታሽጓል፤ ሹፌሩ ይሞክራት።

ራይና

*

ግራዝ፣ ኦክቶበር 20

ለክብርት እትዬ ራይና፣

ጤናና ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ድልሁ ሙሉ ሆኖ ደርሷል፤ ሰሙ ላይ የጥፍር ምልክት አለ። ስለ ነፍስ ስጦታ የሰነዘርሁትን ሐሳብ ትቻለሁ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው።

የቆዳው ውፍረት ሲደረብ 6.2 ሚሊሜትር ነው። በከተማው ውስጥ ሦስት መኪናዎችን መርምሬአለሁ።

የመጀመሪያዋ የአንድ ሟች ጫማ ሰፊ ንብረት የነበረች፣ በእግር የምትረገጥ የድሮ መኪና ናት። ክንዷ አርባ አምስት ሳንቲሜትር ነው፤ የደን ጠባቂውን ቡትስ ያለ ችግር ትደርስበታለች። ውበቷ ሰውን ያሳስታል፤ እኔንም ሃያ ደቂቃ ያህል አሳስታኝ ነበር። ነገር ግን ቆዳውን የሚስበው ክፍል ስለ ተበላ ስፌቷ ከሁለት ሚሊሜትር አይረዝምም። እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ስፌት ወፍራም ቆዳን እንደ ቴምብር ጠርዝ ቀዳዳ በቀዳዳ አድርጎ ይገነጥለዋል። ዋጋዋ ካለዎት ገንዘብ በእጥፍ ይበልጣል።

ሁለተኛዋ ባለ ሞተር ናት። ዋጋዋን ከጠየቅሁ በኋላ ምርመራውን አልቀጠልሁም።

ሦስተኛዋ አዲስ ናት፤ ከቻይና የመጣች፣ በእጅ መዘውር የምትዞር፣ አሥራ ሁለት ኪሎ የምትመዝን። ክንዷ ከአሮጌዋ ያጥራል፤ ሆኖም የቡትሱን አፍ ወደ ውጭ ቢያጥፉት ትደርሳለች። ብረቷ በብዙ ቦታ ሻካራ ነው። ገንዘብዎ ለዋጋዋ ይበቃል፤ ለሰም፣ ለክርና ለመርፌም ይተርፋል። ሻጩን ጠየቅሁት፦

"በደንብ ትሰፋለች?"

"ከተለማመዱ።"

"እኔ ነኝ የምለማመደው ወይስ እሷ?"

"ሁለታችሁም።"

ታማኝ ሰው መሰለኝ። ከመወሰኔ በፊት ግን የስፌቱን ርዝመትና የክሩን ጥብቀት ማወቅ እፈልጋለሁ። ስለዚህ ሁለት የቆዳ ቁራጭ ይላኩልኝ፤ አንዱ ሳንዶ በመኪናዋ የሰፋው፣ ሌላው እርስዎ በመኪናዋ የሰፉት ይሁን።

ወንበር ለማስጠጋት በቀኟ በኩል ቦታ አላት። ለምን ብዬ አልጠይቅም።

በአክብሮት፣
ሊዩበን

*

ብሬስቶቮ፣ ኖቬምበር 1

ለሊዩበን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ።

ሁለቱን ቁራጭ አያይዣለሁ፤ ከኋላቸው ስም ጽፌባቸዋለሁ። ብዙ አትመራመር፤ ስፌት ስፌት ነው።

ሳስበው ደግሞ፣ ቆዳውን ራሷ የምትመራ መኪና የለችም? ሰው መዘውሩን ብቻ እያዞረላት እሷ መንገዷን የምታውቅ? ዘመኑ ሠልጥኗል ይባላል። ካለች ፍየሏን ልጨምር እችላለሁ።

ራይና

*

ግራዝ፣ ኖቬምበር 12

ለክብርት እትዬ ራይና፣

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ፤ ቤትዎ ከብርድ፣ እጅዎ ከድካም ይጠበቅ። ፍየሏን አይሽጡ። መንገዷን የምታውቅ መኪና በፋብሪካ ትገኝ ይሆናል፤ በእርስዎም በእኔም አቅም ግን አትገኝም።

ሦስተኛዋን መኪና ገዝቻለሁ። ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፈታኋት፤ ረቡዕም ቀኑን ሙሉ ሠራሁባት። አሥራ አራት ቦታ ላይ የብረት ሽራፊ አገኘሁ፤ ሁሉንም በሞረድና በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። ከዚያ በፊት በመቶ ስፌት ክሩ አሥራ አንድ ጊዜ ይበጠስ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ተበጥሷል፤ እሱም አከራዬ ወይዘሮ ትራውድል መዘውሩን እያዞሩ ሳለ ስላስነጠሳቸው ነው።

አከራዬን ያስቸገርሁበት ምክንያት አለ። በአንድ እጅ እያዞርሁ በሌላው ቆዳውን ስመራ መስመሩ ይጣመምብኛል። ወይዘሮ ትራውድል ጠየቁኝ፦

"ጫማ ለመስፋት ፕሮፌሰር መሆን ያስፈልጋል?"

"አያስፈልግም።"

"ታዲያ ምን ሆነው ነው ያቃተዎት?"

ወንበር አስጠጋሁላቸው። እሳቸው መዘውሩን ሲይዙልኝና ሁለቱም እጆቼ ለቆዳው ሲተርፉ ግን መስመሩ ቀና።

አሁን ስለ ሁለቱ ቁራጮች። የተመለከትሁትን ብቻ እጽፋለሁ። በሳንዶ ቁራጭ ላይ የታችኛውን ክር በጉጠት ስስበው ቀጥ ብሎ ወጣ፤ መኪና ሲሰፋ ሁለቱ ክሮች ቆዳው መካከል ይያያዛሉ እንጂ አይተላለፉም። በእርስዎ ቁራጭ ላይ ግን ክሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ክሮች በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ተላልፈው አልፈዋል። ይህ በወስፌ ተበስቶ፣ በሁለት መርፌ፣ በእጅ የተሰፋ ነው። በሕይወቴ ካየሁት የእጅ ስፌት ሁሉ የበለጠ ቀጥ ያለ ነው። የመኪና ስፌት ግን አይደለም።

ከዚህ ምንም ዓይነት መደምደሚያ አልሰጠሁም።

በአክብሮት፣
ሊዩበን

*

ግራዝ፣ ኖቬምበር 30

ለክብርት እትዬ ራይና፣

ሰላምና ጤና እመኛለሁ። ሹፌሩ ደብዳቤዬን በእጅዎ እንደ ሰጠዎት፣ "መልስ አለ?" ሲልዎትም በሩን እንደ ዘጉበት ነገረኝ። አሥራ ስምንት ቀን ሆኗል። ያየሁትን መጻፌ አስቀይሞዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ማየቴን ግን መካድ አልችልም።

ሊዩበን

*

ብሬስቶቮ፣ ዲሴምበር 8

ለወንድሜ ለሊዩበን፣

እግዜር ዓይንህን ይጠብቅልህ ልል ነበር፤ አያስፈልገውም፤ ዓይንህ ከሚገባው በላይ ይሠራል።

ሃያ አራት ቀን ተናድጄብህ ነበር። አሥሩን ቀን በአንተ፣ አሥሩን በራሴ፣ የቀረውን በሹፌሩ። ትናንት ግን ጎመን ስቆርጥ ብቻዬን ሳቄ መጣ፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ሳቅኩ።

እውነቱ ይኸውልህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመኪናዋ ፊት ተቀምጫለሁ፤ የተቀመጥኩት ግን በቀኟ ነው። ሳንዶ በሁለት እጁ ቆዳውን ይመራል፣ እኔ መዘውሩን አዞራለሁ። ወንድ አያቱም ሴት አያቱም እንዲሁ ነበሩ፤ በእኛ መንደር መኪና የሁለት ሰው ናት። ሳንዶ ሦስት ቃል ነበረው፤ "አዙሪ"፣ "ግማሽ"፣ "ቁሚ"። ሙሉ ቀን ሌላ ቃል ሳይወጣው ይውላል። መጨረሻ ላይ ሳይናገርም ትከሻውን አይቼ ሁሉን አውቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳን ቆዳ መርቼ አላውቅም። በእጅማ እሰፋለሁ፤ የእጁ ሥራ ሁሉ የእኔ ነበር። አሥራ ስምንት መታጠቂያ በእጅ ከሰፋሁ ግን የምጨርሰው ለከርሞ ሱርቫ ነው።

ሜቶዲ "ብቻሽን ትችያለሽ?" ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ መለሰ። ከዚያ በኋላ "ኧረ አልችልም" ለማለት ቁልቁል ወደ ሜቶዲ መውረድ ነበረብኝ፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል።

ቆዳ የሚመራልኝ ሰው አጣሁ። ዶንካን ሞከርኳት፤ ያለ መኪና በባዶ ጠረጴዛ ላይ። "አሁን ወዴት ልሂድ?" እያለች ወደ በሩ ታየኛለች።

ይህ የእኔ ነው። አሁን ወደ አንተ። ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መኪና የሚፈታ፣ ረቡዕንም ቀኑን ሙሉ ሞረድ ይዞ የሚውል አስተማሪ የት አገር ነው ያለው? ተማሪዎችህስ? ድሮ ለበዓል የምትልክልኝ ወረቀት ከላዩ የዩኒቨርሲቲው ማኅተም ነበረው፤ ዘንድሮ የመጣው ሁሉ ባዶ ነው። አንተ ጡረታ ወጥተሃል። ዝም ብለህ ወጥተህ፣ ዝም ብለህ ተቀምጠሃል። እኔም ከዚህ ምንም ዓይነት መደምደሚያ አልሰጠሁም።

ራይና

*

ግራዝ፣ ዲሴምበር 17

ለክብርት እትዬ ራይና፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በሦስተኛው ወይዘሮ ትራውድል ምን እንደሚያስቀኝ ለመጠየቅ ደረጃውን ወጥተው መጡ።

ድምዳሜዎ ትክክል ነው። ጡረታ የወጣሁት ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ነው። አልነገርሁዎትም፤ ከነገርሁ "ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ?" የሚል ጥያቄ ይከተላል ብዬ ስለ ገመትሁ ነው። 

ስለ መኪናዋ የደረስሁበትን ላቅርብ። ከኖቬምበር 12 ወዲህ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቆዳ እየመራሁ ነው፤ ወይዘሮ ትራውድል ያዞራሉ። ቀጥታ መስመር ላይ ስሕተቴ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሆኗል። ማዕዘን ላይ ግን ገና ነኝ። የመታጠቂያውን ጠርዝ በቢላ ቢያሳሱት መርፌው ሳይታጠፍ ያልፋል። መሪ ያጡት እርስዎ ነዎት፤ የእኔም አዟሪ ከገና በኋላ ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ።

ከዚህ ያለፈውን መጻፍ ለእኔ ይከብደኛል።

ሊዩበን

*

ብሬስቶቮ፣ ዲሴምበር 22

ሊዩበን፣

አልፈህ ባትጽፈውም ገብቶኛል። እግዜር መንገድህን ያቅናልህ፤ ና።

መኪናዋን ሻንጣ ቤት እንዳትከታት፤ ጭንህ ላይ ያዛት። ድንበር ላይ ምንድን ናት ቢሉህ እህቴ ናት በል፤ እውነቱን ብትናገር ማንም አያምንህም። ወፍራም ካልሲ አምጣ። አንቱታውን ተወው፤ አንድ መኪና ላይ ተቀምጠን "እባክዎ ግማሽ ያዙሩልኝ" እያልክ ስትለምነኝ ሱርቫ ያልፋል።

ራይና

*

የቀረውን ደብዳቤ ስለሌለ ራሴ እጽፈዋለሁ።

ዲሴምበር 30 ብሬስቶቮ ደረስሁ። አውቶቡሱ ውስጥ አሥራ ሁለት ኪሎ ብረት ለአሥራ ስድስት ሰዓት ጭኔ ላይ ነበር፤ ስወርድ ግራ እግሬ የራሴ አልመሰለኝም። ሹፌሩ መኪናዋን አውርዶ ሰጠኝና "ድልሁ ጥሩ ነበር" አለ። የትኛውን ማሰሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ጃንዋሪ 2 ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን መጥፎ ነበር። እሷ የለመደችው የሳንዶን ትከሻ ነው፤ የእኔ ትከሻ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ልቁም ስል ታዞራለች፣ ልቀጥል ስል ትቆማለች። ሁለት መርፌ ሰበርን።

"ትከሻህን ለምን ታነሣለህ?" አለችኝ።

"እያሰብሁ ነው።"

"በጭንቅላትህ አስብ። ትከሻህን ለእኔ ተወው።"

በሦስተኛው ቀን ማሰብ ቀነስሁ። መዘውሩ ስፌቱን ከእጄ እኩል እየጠበቀ ይሄድ ጀመር፤ እሷም እያዞረች መዝፈን ጀመረች። እስከ ጃንዋሪ 6 ድረስ ሰባት መታጠቂያ ጨረስን። ዳግም የተቀደደውን የዶንካን ቡትስም በመሐል ጠገንን፤ የደን ጠባቂውንም አፉን አጥፈን ደረስንበት።

ጃንዋሪ 7 ሜቶዲ ሥራውን ሊያይ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከመርፌው ፊት፣ እሷ ከመዘውሩ ጎን ነን።

"ራይና፣ ብቻዬን እችላለሁ ብለሽ አልነበር?"

እጇን ከመዘውሩ አላነሳችም።

"ብዬ ነበር። ዋሽቼ ነበር። ሳንዶ ነበር የሚመራው፣ እኔ አዟሪ ነኝ። አሁን የሚመራው ይሄ ነው፤ የእናቴ የአክስት ልጅ ልጅ ነው።"

"ታዲያ ጫማ ሰፊው ማነው? መዝገብ ላይ አንድ ስም ነው የሚገባው።"

"ግማሽ ግማሽ ነን። ኪራዩን ግን ሙሉ እንከፍላለን።"

ሜቶዲ ባርኔጣውን አውልቆ አገጩን አከከ። ከዚያ ከተጠናቀቁት አንዱን መታጠቂያ አንስቶ ገልብጦ አየው። ሰባተኛው ነበር፤ ማዕዘኑ ላይ የተሳሳትሁት እሱ ነው።

"ይቺ ስፌት ሰክራለች።"

"የመራት ፕሮፌሰር ነው" አለች ራይና።

በማኅበሩ ልማድ ግን ሌላ ፈተና አለ። መታጠቂያው ላይ ሃያ ኪሎ ቃጭል ይንጠለጠላል፤ የታጠቀው ሰው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሦስት ጊዜ ይዘላል፤ ስፌቱ ካልተበጠሰ ተቀባይነት አለው። ሜቶዲ የስድሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ቃጭሎቹን አስሮ፣ የሰከረውን መታጠቂያ ታጥቆ፣ በረዶው ላይ ሦስት ጊዜ ዘለለ። መንደሩ ውስጥ ያሉ ውሾች ሁሉ ጮኹ። ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ አሉ። ስፌቱ አልተነቃነቀም። እሱን ግን ሁለት ሰው ደግፎ ከቆመበት አስወጣው፤ እየሳቀ ነበር።

"ይቺን ለራሴ እይዛታለሁ" አለ። "ስንሰክር አብረን እንሰክራለን።"

አሥራ ስምንተኛው መታጠቂያ ጃንዋሪ 12 ከቀትር በኋላ ተጠናቀቀ። በበዓሉ ጠዋት አሥራ ስምንት ጭምብል ለባሾች ሱቁ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው መጡ፤ ፊታቸው በበግ ጸጉርና በቀንድ ተሸፍኗል፤ ማን ማን እንደሆነ በመታጠቂያቸው ለየናቸው። ራይና ለእያንዳንዱ የአይብ ቂጣ ቆርጣ በጭምብሉ ሥር አጎረሰችው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዘለሉ። መደርደሪያው ላይ የነበረው የመርፌ ሣጥን ወደቀ፤ መርፌውን ስንለቅም ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ከመቶው ዘጠና ስምንቱን አገኘን።

ጃንዋሪ 16 ማኅበሩ ተሰብስቦ ሱቁን ለሚቀጥለው ዓመት ለእኛ አጸደቀ። መዝገቡ ላይ ሁለት ስም ገባ፤ ሜቶዲ ለአንድ ስም በተሰመረው ቦታ ሁለቱን አጨናንቆ ጽፎታል። ኮስታዲን በስብሰባው ነበር፤ ሲጸድቅ መጀመሪያ ያጨበጨበው እሱ ነው።

ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ወደ ግራዝ የምመለስበትን ቀን ራይና አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም።